የክር ፋብሪካው ምሳና እትዬ አፍንጫ

እኔ ሾፌር ነኝ። ሠላሳ ዓመት መሪ ይዤ ብዙ ሰው አመላልሻለሁ፤ አለቃም፣ ሙሽራም፣ በሽተኛም። ከጫንካቸው ሁሉ ማንን ታስታውሳለህ ቢሉኝ ግን ቀድመው ምላሴ ላይ የሚመጡት እትዬ አፍንጫ ናቸው። ከእሳቸው ጋር አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ገበያ ሄደናል። ስለዚህ የምናገረውን ዐውቄ ነው የምናገረው፤ ሲወራ ሰምቼ አይደለም።

እትዬ አፍንጫ የክር ፋብሪካችን የሠራተኞች ምግብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም እንዳለ የታወቀ ነው፤ ግን ከደመወዝ ቀን በቀር በዚያ ስም የሚጠራቸው አልነበረም። አፍንጫ ያሏቸው የአትክልት ገበያ ነጋዴዎች ናቸው። ቲማቲም ሲገዙ ከግንዱ የተቀነጠሰበትን እምብርት ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ። ሥጋ ያሸታሉ። ምስር እንኳ በእፍኛቸው ዘግነው ያሸታሉ። የሚገርመው አፍንጫቸው ራሷ ጥፍር የምታህል ናት። “ከዚያች ጥፍር ከምታህለው ይሄ ሁሉ ጣጣ!” እያሉ ነጋዴዎቹ ይሳሳቁ ነበር። እሳቸው ግን አይቀየሙም።

“አፍንጫ የተሰጠን ለመነጽር ማስቀመጫ ብቻ መሰላችሁ እንዴ?” ይሉና ወደሚቀጥለው መደብ ያልፋሉ።

እኔ የምግብ ቤቱ መኪና ላይ ስመደብ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ረጅም መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና ነበር የምነዳው። ቁርሴ ለስላሳና ብስኩት፣ ምሳዬ ያገኘሁት፣ እራቴ ከምሳ የተረፈው። ሆዴ ከመሪው ጋር ይጨባበጥ ስለነበር ጓደኞቼ ቦርጮ ነው የሚሉኝ። እኔም እንደ ማዕረግ ተቀብዬዋለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እትዬ አፍንጫን ከፋብሪካው በር ላይ ጫንኳቸው። አጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ ፀጉራቸውን በነጭ ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው፤ ያኔ አርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ገበያው ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን፣ “እዚያ ዛፉ ሥር አቁማት” አሉኝ።

“እትዬ፣ እስከ በሩ ድረስ ትገባለች እኮ።”

“አውቃለሁ። ስንጭን ታመጣታለህ። አሁን በእግር ነው።”

“ሩቅ ነው…”

ቀና ብለው ሆዴን አዩት፤ ቀጥለው እግሬን አዩት። “እግርህም አብሮህ መጥቷል አይደል? ትንሽ ሥራ ስጠው እንጂ፤ ሳይሠራ ነው እንዴ የሚኖረው?”

ከዛፉ እስከ ገበያው በር አሥር ደቂቃ አይሞላም። እኔ ግን ስደርስ እንደ አሮጌ ሞተር እያለከለክኩ ነበር። እሳቸው ዘምቢላቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው መደቡን ሁሉ መዞር ጀምረዋል። አንዲት ካሮት አነሱና ለሁለት ሰበሯት። ቀጭ!

“ሰማህ? ካሮት እንዲህ መናገር አለበት። ዝም ብሎ የሚታጠፍልህ ከሆነ ሰንብቷል ማለት ነው።”

ጥቅል ጎመኑን ገልብጠው የተቆረጠበትን ያያሉ፤ ነጭና እርጥብ ከሆነ ይገዛሉ፣ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ይመልሳሉ። አረንጓዴ የጀመረውን፣ ያቆጠቆጠውን ድንች በጣታቸው ገፋ ያደርጉታል። አንዱ ነጋዴ የጠወለገ ቆስጣ ላይ ውሃ ረጭቶ ሲያብረቀርቅ አዩና፣ “ፊቱን ስለታጠበ በሽተኛው ተነሣ ማለት ነው?” አሉት። ሰውየው ራሱ ሳቀ። ሁልጊዜ ገበያ ሲገቡ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ “ዛሬ የሞላው ምንድን ነው?” የሞላውን ነው የሚገዙት። ወቅቱን ጠብቆ የመጣ አትክልት በዋጋውም ይረክሳል፣ መንገድ ላይም አይሰነብትም ይላሉ። ወጥ ቤቶቹ “ዛሬስ ምን ልንሠራ ነው?” ሲሏቸው፣ “ገበያው ነው የሚነግራችሁ” የሚል ነበር መልሳቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እውነቱን ለመናገር አስቸጋሪ ሴት ናቸው ብዬ ነበር። አንድ ጠዋት ስንመለስ መንገድ ተዘጋግቶ ቆምን፤ ያኔ ነው ያጫወቱኝ።

ፋብሪካው የገቡት በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ለሳህን አጣቢነት ነው። የዚያን ጊዜው ምግብ ቤት ሌላ ነበር። ባቄላው ነቀዝ ይገባበታል፤ ዘይቱ ሲጠቁር እንኳ አይደፋም፤ ምግቡ ካልጣፈጠ ጨው ይጨመርበታል። እሳቸው ከሳህን ወደ ሽንኩርት መክተፍ፣ ከመክተፍ ወደ ድስት አደጉ። እጃቸው ይጣፍጣል ተባለ። ባለቤታቸው እዚያው ፋብሪካ የቦይለር ሠራተኛ ነው፤ የሚወደው ጨው የበዛበትን፣ ዘይት የሚዋኝበትን ነው። ሚስቱም ባሏን ለማስደሰት የምትቸገር አልነበረችም። አንድ ቀን ቦይለሩ አጠገብ ወደቀ። ስትሮክ ነው ተባለ። ደም ግፊቱ ስንት ዓመት በውስጡ ሲሠራ ኖሮ ማንም አላወቀለትም። ግራ ጎኑ ዛለ፣ አፉ ተጣመመ። ገና አርባ አንድ ዓመቱ ነበር።

“ሐኪሙ ሁሉንም ነገር አስረዳኝ” አሉ እትዬ አፍንጫ፣ መንገዱን እያዩ። “ስለ ጨው፣ ስለ ዘይት፣ ስለ መቀመጥ። እያስረዳኝ እኔ የማስበው የገዛ እጄን ነበር። በማንኪያ እየጎረሰ የኖረው እኔ የሰጠሁትን ነው። አላወቅሁም ነበር፤ ሳላውቅ ነው ያደረግሁት። ካወቅሁ በኋላ ዝም ካልኩ ግን ያ ሌላ ነገር ነው።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ባላቸውን በትከሻቸው ደግፈው የሰፈሩን ሜዳ ዙሪያ ማራመድ ያዙ። መጀመሪያ አሥር እርምጃ። በወሩ እስከ ጎሉ ቋሚ። በዓመቱ ሰውየው ብቻውን ወጥቶ ጋዜጣ ገዝቶ ተመለሰ። “ጋዜጣውን ገልብጦ ነው የያዘው፤ ግን እኔ የዚያን ቀን ያህል የኮራሁበት ቀን የለም” አሉና ሳቁ። በዚያው ሰሞን የምግብ ቤቱ ኃላፊ ጡረታ ወጡ፤ ቦታው ለእሳቸው ተሰጠ። ለባላቸው የማያቀርቡትን ለአራት መቶ ሃያ ሠራተኛ አላቀርብም ብለው ተነሡ።

ትራፊኩ ተከፈተ። እኔም ከዚያ ወዲህ አስቸጋሪ ሴት ብዬ አላውቅም።

በሦስተኛው ዓመት ላይ ፋብሪካው አዲስ አስተዳዳሪ መጣለት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ነገር ሁሉ በወረቀት ሲሆን ነው ደስ የሚለው። ሾፌርና ኃላፊ በየጠዋቱ ገበያ መሄዳቸው ጊዜ ማባከን ነው ብሎ፣ ሁሉን ነገር በሳምንት አንዴ በጭነት መኪና ከሚያመጣ አቅራቢ ጋር ውል ተፈራረመ። እትዬ አፍንጫን አልጠየቃቸውም።

የመጀመሪያው ጭነት ሰኞ ጠዋት መጣ። ሳጥኖቹ ከላይ ሲታዩ ያምራሉ። እትዬ አፍንጫ አንዱን ሳጥን ገልብጠው ከሥር ያለውን ቲማቲም አወጡ፤ ጣታቸው ገብቶ ተቀበረ። ዓሣውን ጉንጩን ከፍተው አዩት፤ ውስጡ ቀይ መሆን ሲገባው አመድ መስሏል። ዓይኑም ጎድጉዷል። ቀጥለው፣ “ባልዲ ውሃ አምጡልኝ” አሉ።

አስተዳዳሪው ጥላ ሥር ቆሞ ያያል። እሳቸው ሠላሳ እንቁላል ቆጥረው አንድ በአንድ ባልዲው ውስጥ አስገቡ። ትኩስ እንቁላል ውሃ ውስጥ ገብቶ በጎኑ ይተኛል፤ የቆየ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በጣም የቆየ ይንሳፈፋል። አሥራ አንዱ ተኙ። የቀሩት አሥራ ዘጠኙ ቆሙ ወይም ተንሳፈፉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሲዋኝ ግን ያየሁት ያን ቀን ነው።

እትዬ አፍንጫ ከተንሳፈፉት አንዱን ወስደው ኩባያ ላይ ሰበሩና ለአስተዳዳሪው አቀረቡለት። ሰውየው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

“ተቀብያለሁ ብዬ አልፈርምም” አሉት፣ በእርጋታ።

“እትዬ፣ ውል እኮ ተፈርሟል።”

“የፈረመ ይብላው።”

የአስተዳዳሪው ፊት ቀላ። ይሄን ሁሉ ሰው እያየው ወደ ኋላ ማለት አልሆነለትም። “እንግዲያው እርስዎ ወደ ቀድሞ ሥራዎ ይመለሱ። የሚፈርም ሰው አናጣም” አላቸው።

“ሳህን ማጠብ መቼ ጠፋኝ፤ ከዚያ አይደል የመጣሁት” አሉ እትዬ አፍንጫ። ነጩን ጋዋናቸውን አውልቀው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉ። በአጠገቤ ሲያልፉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” አሉኝ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ማጠቢያው ገንዳ ላይ ቆሙ።

በምሳ ሰዓት ከፈተሉ ክፍል ሴቶቹ ተሰልፈው ገቡ። ዋና ፈታይዋ ትልቅ ድምፅ ያላት ሴት ናት፤ ማሽን ሲጮኽ እንኳ ድምፅዋ ይሰማል። እትዬ አፍንጫን ገንዳው ላይ ስታያቸው ቆመች።

“እትዬ፣ እዚያ ምን ይሠራሉ?”

“አታዪኝም? ሳህን።”

“ዛሬ ገበያ የሄደው ማነው ታዲያ?”

“ማንም አልሄደም። ገበያው ራሱ መጥቷል” አሏት።

ፈታይዋ የያዘችውን ሳህን አየችው። መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችውና ወጣች። ከኋላዋ ያለችውም አስቀመጠች። ከዚያ ከሽመና ክፍል ወንዶቹ። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም፤ ግቢው ውስጥ ሣር ላይ ተቀምጠው ዳቦና ሙዝ በሉ። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ።

ረቡዕ አስተዳዳሪው የፋብሪካውን ክሊኒክ ነርስ ጠርቶ፣ “ሲስተር፣ እውነት የምግቡ ነገር ይሄን ያህል ነው?” ብሎ ጠየቃት። ቢሮው ውስጥ የነበርኩት የመኪና ቁልፍ ለማስረከብ ነው፤ እኔም ያለ ሥራ ቀርቼ ነበርና። ሲስተር ነገር ማሳመር አታውቅም።

“እኔ እዚህ ስቀጠር ከምሳ በኋላ ያ አግዳሚ ወንበር ሆዱን በያዘ ሰው ይሞላ ነበር። እትዬ ኃላፊ ከሆኑ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ሹራብ ነው የምሠራው። ለሦስቱም ልጆቼ ሠርቼ ጨርሻለሁ። ከፈለጉ ለእርስዎም እጀምራለሁ” አለችው።

አስተዳዳሪው ቁልፉን ከእጄ አልተቀበለኝም። ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ምግብ ቤቱ ወረደ፤ እኔና ሲስተር ከኋላው ነን። ገንዳው ዘንድ ሄደና፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው አረፋ የሆነውን ሴት፣ “እትዬ፣ ተሳስቻለሁ። ነገ ገበያ ሲሄዱ እኔም ልከተልዎ?” አላቸው።

እሳቸው አልተኩራሩም፣ አላሳፈሩትምም። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። “ጫማ ግን ይቀይሩ፤ ጭቃ አለ” አሉት።

ጫማ ሳይቀይር መጣ፤ ለዚያውም የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጫማ። ዛፉ ሥር መኪና ስናቆም፣ “ለምን እዚህ?” አለ። “ወደፊት ይገባዎታል” አልኩት፤ እኔም ሳላስበው እንደ አሮጌ ተማሪ መናገር ጀምሬያለሁ። የዚያን ጠዋት አስተዳዳሪያችን ጎንበስ ብሎ ቲማቲም ሲያሸት ያዩ ነጋዴዎች፣ “እትዬ አፍንጫ ወለዱ!” እያሉ ገበያውን በሳቅ አናጉት። የአቅራቢው ውል በዚያው ሳምንት ቀረ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ሰው አስተማሪው አጠገብ ተቀምጦም ሳይማር ሊኖር ይችላል። ለአራት መቶ ሰው ትኩስ አትክልት እያመላለስኩ እኔ ራሴ መኪናው ኪስ ውስጥ ለስላሳና ብስኩት ደብቄ ነበር የምኖረው። ከዛፉ እስከ በሩ የምሄዳት መንገድ ብቻ ናት እንቅስቃሴዬ። አምስተኛው ዓመት ላይ መንጃ ፈቃዴን ለማደስ የጤና ምርመራ ስሄድ ሐኪሙ ክንዴን አስሮ ለካኝ። ደግሞ ለካኝ። መቶ ሰባ በመቶ አሥር።

“በዚህ ደም ግፊት መሪ አትይዝም” አለኝ። መድኃኒት ጻፈልኝና በሦስት ወር ተመለስ አለ።

ሾፌርን መሪ አትያዝ ማለት ዘፋኝን አትዝፈን እንደማለት ነው። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት አለቀሰች። እኔ ደግሞ ጀግና ነኝ ብዬ ሁለት ቀን ከውሃ በቀር ምንም ሳልቀምስ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ዞሮብኝ የጎመን ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

እትዬ አፍንጫ ውሃ ሰጡኝ። ስጨርስ፣ “ምን ሆነህ ነው?” አሉ። ነገርኳቸው።

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሃያ ዓመት የገነባኸውን ቦርጭ በሁለት ቀን ልታፈርሰው? ስማኝ ወንድሜ። መድኃኒቱን ሐኪሙ እንዳለህ ውጥ፤ እሱን ሳይጠይቁ ማቋረጥ የለም። ከዚያ የቀረው የእኔና የአንተ ነው።”

የቀረው የሚባለው ነገር ተአምር አልነበረም። እኔማ አንድ የሚስጥር ሥር ይሰጡኛል ብዬ ነበር! መጀመሪያ የመኪናዋን ኪስ አስከፍተው ለስላሳውን አስወጡኝ፤ በምትኩ የውሃ ጠርሙስ ገባ። ሁለተኛ፣ ከቤቴ እስከ ፋብሪካው አርባ ደቂቃ ነው፤ ጠዋት በእግር ና አሉኝ። ሦስተኛ፣ ጨው ከጠረጴዛ ይነሣ። አራተኛ ላይ፣ “ይሄንን ለአንተ አልነግርህም፤ ሚስትህን አምጣት” አሉ።

ባለቤቴን ቅዳሜ ገበያ ወሰድኳት። ሁለቱ ሴቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲዞሩ እኔ ዘምቢል ተሸክሜ ከኋላ ነበርኩ። ሳህኑን ግማሹን አትክልት ሙዪው፣ ቅመሙን እንጂ ጨውን አታብዢ፣ ቆስጣውን ብዙ አታፍዪው፤ እንዲህ እያሉ ይመክሯታል። እኔን የሚያይ የለም። ባለቤቴ ከሁለት ቅዳሜ በኋላ ካሮት መስበር ጀመረች። በአራተኛው ቅዳሜ አንዱን ነጋዴ፣ “ይሄ ጎመን ከእኔ ጋብቻ በፊት ነው የተቆረጠው” ስትለው እትዬ አፍንጫ በደስታ እጃቸውን አጨበጨቡ።

ሦስት ወር ሙሉ መኪናዋን ሌላ ሾፌር ነዳት፤ እኔ ጭነት አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ። መጀመሪያ አፈርኩ። ጠዋት በእግር ስሄድ የሚያውቁኝ ሾፌሮች ጥሩንባ እየነፉ፣ “ቦርጮ፣ ነዳጅ አልቆብህ ነው?” ይሉኛል። በሁለተኛው ወር ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር አበጀሁ። እንቅልፌ ተስተካከለ። ሌሊት ሳንኮራፋ ግድግዳ የሚደበድበው ጎረቤታችን፣ “ሰላም ናችሁ? ቤት የለቀቃችሁ መስሎኝ ነበር” አለኝ።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ ሐኪሙ ክንዴን አሰረ። እንደ ፊተኛው ሁለቴ ለካኝ፤ አሁን የደገመው ግን ስላላመነ ነው። መቶ ሠላሳ ሁለት በሰማኒያ አራት።

“ምን አድርገህ ነው?” አለኝ።

“የፋብሪካችን ምግብ ቤት ኃላፊ ናቸው ያደረጉት” ብዬ መለስኩ። እንደዚያ ቀን ደረቴን ነፍቼ ከክሊኒክ ወጥቼ አላውቅም፤ ለዚያውም የሚነፋው ደረት ነው እንጂ ሆድ አይደለም። ወረቀቱን ይዤ ምግብ ቤት ስገባ እትዬ አፍንጫ ባቄላ እየለቀሙ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። አንድ ጊዜ ብቻ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና ፊታቸውን ወደ ባቄላው መለሱ። ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር፤ አይቻለሁ።

እትዬ አፍንጫ ስልሳ ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ የወጡት በአንድ ዓርብ ነው። አስተዳዳሪው ጠረጴዛዎቹን በነጭ ጨርቅ አስሸፈነ። የፈተሉ ክፍል ሴቶች በራሳቸው ክር ሻል ሠርተው መጡ። ሲስተር ከግርጌው ላይ ጥልፍ ጨምራበታለች። የገበያ ነጋዴዎች እንኳ አምስት ሆነው ከተማውን አቋርጠው ደረሱ፤ እያንዳንዱ ከመደቡ የመረጠውን ምርጥ ይዟል። ባለቤታቸው በምርኩዝ፣ ግን ማንም ሳይደግፈው፣ ከበሩ እስከ መጨረሻው ወንበር ራሱ ተራምዶ ተቀመጠ። አዳራሹ ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ሰውየው ዞር ዞር እያለ ለማን ነው የሚያጨበጭቡት ብሎ ይፈልግ ነበር።

አስተዳዳሪው ንግግር አደረገ። እጁ ላይ ወረቀት ነበረው፤ ግማሹን አንብቦ አጠፈውና የቀረውን በቃሉ ተናገረ። በመጨረሻ ድምፅ ማጉያውን ለእሳቸው ሰጣቸው።

እትዬ አፍንጫ ማጉያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ ቆሙ። አራት መቶ ሃያ ሰው ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል። በየሳህኑ ላይ በመጨረሻው ጠዋት ራሳቸው የመረጡት ምሳ አለ። እኔ ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ ነበር።

“ንግግር አላውቅም” አሉ። “አርባ ምናምን ዓመት እዚህ ቤት ያወራሁት በምግብ ነው። ደህና ናችሁ፤ ሁላችሁንም አያለሁ፤ ፊታችሁ ደህና ነው። ይሄ ለእኔ ይበቃኛል።” ከዚያ ፊት ወደተቀመጠችው ፈታይ ዘወር አሉ። “በሉ እንጂ፤ ምን ታያላችሁ? ይቀዘቅዛል።”

ማንኪያዎቹ ሁሉ በአንዴ ተነሡ።